ሁለት ፓስፖርት፣ አንድ መርከብ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጫጉላ ሽርሽር ነው። ያውም በመርከብ! «ይቺ ደግሞ እንጦጦ ሥር ተቀምጣ ስለ መርከብ ምን አገባት?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። ሰፈሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ከኛ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ እንጂ ባሕር አይደለም። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ዘንድሮ ውጭ ከሚኖር ልጅ ጋር ቀለበት ያሰረች ጓደኛ የሌላት ማን አለች? ቀለበቱ ከታሰረ በኋላ ደግሞ አንድ ቀን ስልኩ ይጮህና «ክሩዝ እንሂድ!» የሚል ነገር ይመጣል። ክሩዝ ማለት ያው ሆቴል በሆነ መርከብ ተሳፍሮ፣ እየበሉ እየጠጡ ከደሴት ደሴት መዞር ነው። ወሬው ሲሰሙት ማር ነው። ጣጣው መረጣው ላይ ነው።

እኔም የገጠመኝ ይኸው ነው። የኔው ሰው የሰፈሬ ልጅ ነበር፤ ዲቪ ደርሶት ሜሪላንድ ከገባ 11 ዓመት ሆነው፣ ዜግነትም አግኝቷል። ፍቅራችን ያደገው በስልክ ነው። ሠርጋችን ጥር ላይ ነው፤ ከሥራው ያገኘው ፈቃድ ሦስት ሳምንት ብቻ! ከዚያ በኋላ እሱ ይመለሳል፣ እኔ የትዳር ቪዛ እጠብቃለሁ። እስከ መቼ? ማንም አልነገረንም። እንግዲህ እነዚህ ሦስት ሳምንታት ለኛ ምን ማለት እንደሆኑ ገምቱት።

ታዲያ አንድ ሌሊት ደወለና «ሆዴ፣ መርከቡን መርጬልሻለሁ! ከማያሚ ተነስቶ ሰባት ሌሊት ካሪቢያንን የሚዞር ነው» አለኝ። ፎቶም ላከልኝ። መርከብ አትበሉት፣ ከተማ ነው! ጥር 2016 ዓ.ም. ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገው «አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ» የሚባለው ነው። 20 ፎቅ አለው፤ ጢም ብሎ ሲሞላ ከ7 ሺህ በላይ መንገደኛ ይጭናል። ፎቶውን አየሁት አየሁትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት። «እኔስ በየት በኩል ልግባ?»

ቀልዴን አልነበረም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ለሁለት ወር ያህል በስልክ ስንከራከር ከረምን። ከክርክሩ የወጣችው ቁም ነገር አጭር ናት፤ መርከብም ሆነ መንገድ የሚመረጠው ከሁለቱ ጉዞው ለሚከብደው ሰው ነው። ቀለል የሚለውማ የትም ይሄዳል! ችግሩ ግን የሚከብደው ሰው በየጉዳዩ መለዋወጡ ነው። አንዱ ጋ እኔ ነኝ፣ ሌላው ጋ እሱ።

በፓስፖርት በኩል እንጀምር። እዚህ ላይ የሚከብደው ለኔ ነው። አንድ አሜሪካዊ ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ መርከብ ሲሄድ፣ የልደት ሰርተፊኬትና መታወቂያ ብቻ ይዞ የሚሳፈርበት አሠራር አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ማያሚ ለመድረስ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ መርከቡ የሚቆምባቸው ደሴቶች ደግሞ እንደየሕጋቸው የየራሳቸውን ሊጠይቁ ይችላሉ። በዚያ ላይ መርከቡ ባሃማስ ወይም ሜክሲኮ ደርሶ ሲመለስ ሰውየው አሜሪካ ሁለተኛ ጊዜ ገባ ማለት ነው። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ላይ ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን አብዛኛውን የጉብኝት ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ አደረገችው። በአንድ ጊዜ መግቢያ ሄዶ በመርከብ መውጣት፣ ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን ገጭ አድርጎ እንደ መውጣት ነው። ሕጉ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ።

በእጮኛ ቪዛ የምትሄዱ ደግሞ ይህቺን አስምሩባት! ይህ ቪዛ የሚያስገባው አንድ ጊዜ ነው፤ በገቡ በ90 ቀን ውስጥም መጋባት ግድ ነው። ከተጋቡ በኋላ የግሪን ካርዱ ማመልከቻ ሳያልቅ፣ የመመለሻ ፈቃድ ሳይይዙ ከአገር መውጣት ማመልከቻውን እንደ ተዉት ያስቆጥራል። አንዲት የማውቃት ልጅ በዚህ መሃል ነው የመርከብ ትኬት የሠርግ ስጦታ ሆኖ የመጣላት። ሻንጣዋን ሸክፋ፣ ልትሄድ አምስት ቀን ሲቀራት ጠበቃዋን ብታማክረው «እንዳታስቢው!» አላት። ባል ማያሚ፣ ሚስት ባሃማስ ሊቀሩ ነበር እኮ! እንዲህ ላሉት ጥንዶች ከሆኖሉሉ ተነስቶ በሃዋይ ደሴቶች መካከል ብቻ የሚዞር፣ የውጭ ወደብ የማይነካ መርከብ አለ። ለማንኛውም እሱንም ቢሆን ጠበቃ ሳያማክሩ አይሳፈሩ።

የእንጦጦን ዝናብ ታውቁታላችሁ? በሰሜን በኩል የወረደው ወደ ዓባይ ይገባና ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በደቡብ በኩል የወረደው አዋሽ ገብቶ አፋር ምድር ላይ ይቀራል፤ ባሕር አያይም። ከአንድ ደመና የወረደ ውሃ! እኔና እሱም የአንድ ሰፈር ልጆች ነን፤ ልዩነታችን በየት በኩል መውረዳችን ብቻ ነው።

በሆድ በኩል ስንመጣ ግን የሚከብደው ለሱ ነው። በአውቶብስ ጣርማ በርን ሲያልፍ ፌስታል ከእጁ የማይለይ ሰው መርከብ መምረጡ ራሱ ይገርማል! መርከብ ከጫፎቹና ከላይኛው ፎቅ ይልቅ መሃሉና ታችኛው ፎቅ ላይ መወዛወዙ ያንሳል። ባለ በረንዳው የላይኛው ክፍል ለፎቶ ያምራል፤ ሆዱ ለሚረበሽ ሰው ግን መሃልና ዝቅ ያለው ይሻላል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመነሳት በፊት ነው የሚወሰደው፤ አንዴ ከጀመረ በኋላ ብዙም አያድን። ዝንጅብል የሚረዳቸው አሉ። ዓይንን ሰማይና ውሃ የሚገናኙበት ላይ መጣልም ያረጋጋል።

ወቅቱም ከሆድ ጋር ይያያዛል። የካሪቢያን የማዕበል ወቅት በኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ነው፤ ነሐሴና መስከረም ደግሞ ይብሳል። በዚያን ጊዜ ትኬት ሲረክስ «ወይ ዕድል!» ብላችሁ አትሩጡ። መርከቡ ማዕበሉን ሲሸሽ መንገዱን ይለውጣል፤ የጓጓችሁለትን ደሴት ሳታዩት ልትመለሱ ትችላላችሁ።

በኪስ በኩል እኩል ነን፤ ሠርጉ ሁለታችንንም ማራቆቱ አይቀርም። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ዋጋ የአንድ ሰው ነው፤ ያውም ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲይዝ። የአስተናጋጆች ጉርሻ፣ መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ በየደሴቱ የሚደረግ ጉብኝት በላዩ ላይ ይደመራል። መርከቡ በሚነሳበት ዕለት በአውሮፕላን መድረስ ቁማር ነው፤ ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም በሉ። ደሴት ላይ በራሱ ታክሲ ሲዞር ለዘገየ ሰውም መርከብ ቆሞ አይጠብቅም።

መንገድ ስትመርጡ ደግሞ የወደቦቹን ብዛት ሳይሆን በየወደቡ የሚቆይበትን ሰዓት ቁጠሩ። «በሰባት ሌሊት አምስት ደሴት» የሚል ጉዞ ሙሽሮቹን ሯጭ ያደርጋቸዋል። ሁለት ሦስት ወደብ ነክቶ የቀረውን ባሕር ላይ የሚውለው ይሻላል። ጫጉላ እኮ ነው፤ የመስክ ጉብኝት አይደለም!

«እንግዲያው ያገራችን ጣና አለልን!» ያልኩት እኔ ነኝ። ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት፣ 37 ደሴት ያለው ሐይቅ፣ ያውም ያለ ቪዛ! ነገር ግን ጣና ላይም መንገድ ካልመረጡ ሌላ ጣጣ አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። ሙሽራው ገብቶ ሲሳለም ሙሽሪት ዣንጥላ ይዛ ጀልባ ላይ ልትጠብቅ ነው! ዘጌ ላይ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ እንዲሁም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ደቅ ደሴት አጠገብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ግን ሁለቱንም ይቀበላሉ። ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት ሂዱ፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል። የነፍስ አድን ጃኬቱ ለሁሉም ሰው መብቃቱን ቆጥራችሁ ተሳፈሩ። ይህን የምላችሁ ውሃ የምፈራው እኔ ስለሆንኩ ነው፤ ተራራ ላይ ያደገ ሰው ዋና ከየት ይማራል? በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ግን ሐሳባችንን አስቀየረን። መሄድ ያሰበ መጀመሪያ ያካባቢውን ሰው ጠይቆ ይወስን።

የእንጦጦ ሰው ውሃ መምረጥ አያውቅም እንዳትሉ ብቻ! ይህቺ ከተማ ራሷ የባልና ሚስት የውሃ ምርጫ ናት። ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ለጦር በሚመቸው የእንጦጦ ከፍታ ከትመው ሳለ፣ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃው ወረዱ። 1879 ዓ.ም. እዚያ ቤት ተሠራላቸውና ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። ንጉሡም «እኔ የመረጥኩት ይበልጣል» ብለው አናቱ ላይ አልቀሩም፤ ተከትለው ወረዱ። የእንጦጦን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ ተራ ነገር እንዳልሆነ ይገባዋል።

የኔው ሰው ግን ቶሎ አልወረደም! «11 ዓመት ሌሊት ሌሊት የሠራሁት ለምንድን ነው? አንዴ እንኳ ትልቅ ነገር ላድርግልሽ እንጂ!» አለኝ። ድምፁ ተሰበረ። እዚህ ላይ እኔም ዝም አልኩ። መርከቡ ለሱ መርከብ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው። ቆይቼ «ትልቁን ነገር እኔ ልደርስበት የምችል ቦታ ላይ ስጠኝ» አልኩት። እሱም ዝም አለ። በማግስቱ ራሱ ደውሎ «ሞምባሳስ?» አለኝ።

ሞምባሳ ላይ ተስማማን። ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም፤ በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ሞልቶ የሚከፍለው አሜሪካዊው ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለው። ወቅቱም ገጠመልን፤ በጥር የሚነፍሰው የአካባቢው ሰው ካስካዚ የሚለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ነው፤ ባሕሩም ረጋ ይላል። በሚያዝያ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ይተካል፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዝናቡ ይበረታል። ባለ ሸራ ጀልባዎች በዓረብ አገርና በአፍሪካ መካከል ለብዙ መቶ ዓመታት የተመላለሱት እነዚህን ሁለት ነፋሶች እየጠበቁ ነው። ስለዚህ የጥር ሙሽራ ሞምባሳን ታስብ፣ የግንቦት ሙሽራ ሌላ ትፈልግ።

ማደሪያችንን መሬት ላይ አደረግን፤ ጀልባ የምንይዘው ለቀን ብቻ ነው። ከሞምባሳ በስተደቡብ ከምትገኘው ሺሞኒ ተነስቶ ኪሲቴ ምፑንጉቲ የባሕር ፓርክን አሳይቶ፣ ዋሲኒ ደሴት ላይ ምሳ አብልቶ የሚመልስ ባለ ሸራ ጀልባ አለ። ዶልፊንም ሊታይ ይችላል። እሱን ካጥወለወለው ማታ የሚተኛበት አልጋ አይወዛወዝም፤ እኔም ከፈራሁ በማግስቱ አልሳፈርም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ አይጠፋም፤ ጾሙም ይጾማል።

እንግዲህ የዚህ ዓመት ሙሽሮች፣ የመርከብ ፎቶ ከማየታችሁ በፊት ሁለታችሁም ለየብቻ ወረቀት ያዙ። ፓስፖርቴ የት ያስገባኛል? ሆዴ ምን ይችላል? ኪሴ ምን አለው? ምን እፈራለሁ? ጾሜስ? ብላችሁ በእውነት ጻፉና ወረቀቱን ተለዋወጡ። በየመስመሩ የሚከብደው የማን እንደሆነ ክበቡት፤ መንገዳችሁን በዚያ ለኩ። በአንድ ወረቀት ላይ ሁሉም ክበብ የአንድ ሰው ከሆነ ግን አንዳችሁ አልተናገራችሁም ማለት ነውና እንደገና ጻፉት።

ለሁላችሁም የተባረከ ጋብቻ ይሁንላችሁ!