የአባባ ኒሻን

እኛ ቤት፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እማማ አልጋዋ ሥር የምታስቀምጠው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን «ቤታችሁ ካለ ዕቃ ተነሱ» ሲሉን ሳላቅማማ ወደዚያ ቆርቆሮ ሄድኩ። ውስጡ የአባባ የኮሪያ ኒሻን አለ። አባባ በ1944 ዓ.ም. ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር የዘመተ ነው።

ይህን ሜዳይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ፊቱ ላይ የድርጅቱ አርማ አለ። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን እንደየዘማቹ አገር ይለያያል፤ ለቱርኩ በቱርክኛ፣ ለግሪኩ በግሪክኛ፣ ለኛዎቹ በአማርኛ። ሪባኑ ዘጠኝ ሰማያዊና ስምንት ነጭ መስመር አለው (ቆጥሬዋለሁ!)።

የድሮ የጀርመን ወታደራዊ ኒሻን የሚሰበስቡ ሰዎች፣ ኒሻኑ ከሚለው ይልቅ አሠራሩን ነው የሚመረምሩት። «የብረት መስቀል» የሚባለው መሃሉ ብረት፣ ጠርዙ ብር ሆኖ የተገጣጠመ ስለሆነ ማግኔት ያስጠጉበታል። መርፌውን፣ ማጠፊያውን፣ የጠርዙን ብየዳ ያያሉ። እኔም ለጽሑፌ ማጣፈጫ እንዲሆነኝ እንደነሱ ልሞክር አልኩ። ከድሮ ሰፈራችን የአንድ ሟች ዘማች ልጅ የአባቷን ሜዳይ አዋሰችኝ። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

ምነው ባላስቀመጥኳቸው!

በከባድ ማተሚያ ተመትቶ የተሠራ ሜዳይ ፊደሉ ስል ነው፤ ጥፍር ይይዛል። የሷ እንደዚያ ነው። የኛው ፊደል ግን ሳሙና ላይ እንደተጻፈ ሟሙቷል። በሞባይሌ ካሜራ ሳጎላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ጠርዙ ላይ የሞረድ ጭረት ይታያል። ከጎረቤት የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ካሊፐር ተውሼ ለካሁት። ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ያንሳል። ከዋናው ላይ ቅርጽ ወስደው ብረት አቅልጠው ሲያፈሱ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራላ። በአጭሩ ኮፒ ነው።

ታዲያ ማን ቀየረው? ከዓመታት በፊት አጎቴ «አሳጥቤ ላምጣልሽ» ብሎ ወስዶት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነበር። ሸጦት ይሆን? ወይስ እሱንም አጣቢው ሸውዶት? ክፍል ውስጥ «በአንድ ምንጭ አትጻፉ» እንባላለን፤ እኔ ደግሞ አጎቴን ለመጠየቅ ድፍረቱን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ለአሳይመንቱ ስለ እማማ ጀበና ጽፌ ሰጠሁ። ሰባት ከአሥር።

እማማ ግን ካሊፐሩን አይታ ኖሯል።

«አንተ ልጅ፣ የአባባህን ኒሻን ምን አገኘህበት?»

ላብ አሰመጠኝ። ሪባኑን ገለበጥኩት። የደበዘዘ ነው፤ ከኋላው በጥቁር ክር በእጅ ተሰፍቷል።

«ሪባኑ የድሮ ነው እማማ» አልኳት።

«እሱንማ እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ገና ሙሽራ ሆኜ» አለችና ተቀብላኝ ወደ ቆርቆሮው መለሰችው።