ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ አሶሳ ለምትመጡ

በቅርስ አያያዝ፣ በሙዚየም ሥራ ወይም በአርኪዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ የጀመራችሁ ወዳጆቼ፣ የጥናት ርዕስ የምታስገቡበት ጊዜ ሲደርስ ክፍል ውስጥ የሚነሡት ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑ አውቃለሁ። አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ሐረር። መንገዱ የታወቀ ነው፣ ማጣቀሻው ተከማችቷል፣ አማካሪውም ራሱ የሠራው እዚያ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አሶሳ ለመምጣት የሚነሣው ጥቂት ነው። የሚነሣውንም ጓደኞቹ «እዚያ ደግሞ ምን ልታጠና?» ይሉታል። ጥያቄው ክፋት የለውም። ትምህርቱ በምን ላይ እንዳደገ ግን ያሳብቃል።

የሀገራችን የቅርስ ሙያ ያደገው በድንጋይና በብራና ላይ ነው። የአርኪዮሎጂ ተቋም በ1952 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ዓይኑ ሰሜን ላይ ነበር። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ይዘው ሥዕልና መስቀል፣ ብራናና የቤት ዕቃ ሰበሰቡ። እነሱ ባይደክሙ ዛሬ ብዙው ባልኖረ ነበርና ምስጋና ይገባቸዋል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ትምህርት ግን ተማሪውን የሚያሠለጥነው ረጅም ዕድሜ ያለው፣ አንድ ቦታ የቆመ፣ አጥር ሊታጠርለት የሚችል ነገር እንዲፈልግ ነው። ይህን ዓይን ይዞ አሶሳ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ባዶ ነው።

ነገር ግን ለምሳሌ በአካባቢው በሚኖሩት በርታዎች ዘንድ ዙምባራ አለ። ከቅል የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ የሚነፋውም በቡድን ነው። አንዱ ነፊ ብቻውን ዜማ አይጫወትም። እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በተራው ያስገባል፣ ዜማው የሚወጣው ከሁሉም መገጣጠም ነው። እንግዲህ ይህን ሙዚየም አስገቡት ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? አንዱን ገዝታችሁ መስታወት ውስጥ ብትሰቅሉት የያዛችሁት ከአንድ ሙሉ ዜማ አንዲት ድምፅ ናት፤ እሷም ዝም ብላለች። ከሥሯ «የባህል ሙዚቃ መሣሪያ፣ በርታ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል፣ ጎብኚው ሦስት ሰከንድ ቆሞ ያልፋል። መመዝገብ የነበረበት ብዙ ነው፦ ሙሉው ስብስብ ስንት መሣሪያ እንደሚይዝ፣ የእያንዳንዱ ርዝመትና ድምፅ፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚገባ፣ በየትኛው ወቅትና ለምን ጉዳይ እንደሚነፋ፣ ቅሉ መቼ እንደሚቆረጥና እርስ በርሱ በምን እንደሚያያዝ፣ ሠሪው ከማን እንደተማረ፣ ዛሬስ ለማን እያስተማረ እንደሆነ። ነፊዎቹ መጀመሪያ ለየብቻቸው ከዚያም አንድ ላይ መቀረጽ አለባቸው፤ አለዚያ ሃያ ዓመት ቆይቶ ቀረጻውን የሚሰማ ወጣት የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ ለይቶ ሊማርበት አይችልም። ለዚህ ሁሉ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጥሩ ማይክሮፎን፣ ትዕግሥትና የበርታ ቋንቋ የሚችል የሥራ ጓደኛ ይበቃል።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ነገር። አክሱም ላይ የተማሪው ማስታወሻ ቢጠፋ ሐውልቱ ቆሞ ይጠብቃል። አሶሳ ላይ ግን ማስታወሻው፣ ፎቶው፣ ቀረጻው ራሱ የሙዚየሙ ዕቃ ነው። እሱ ከተማሪው ጋር አዲስ አበባ ከሄደና በዚያው ከቀረ ሙዚየሙ ተዘርፏል ብል አላጋነንኩም። የተዘረፈው በቅን ልቦና፣ ማኅተም ባረፈበት የትብብር ደብዳቤ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ስለ ዕቃው ራሱም ልናገር፤ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ የተማርነው የአጠባበቅ ትምህርት እዚህ ሲደርስ ይንገዳገዳል። የዚህ አካባቢ ሰው ቤቱን፣ ጎተራውን፣ ምንጣፉን፣ አጥሩን የሚሠራው በአብዛኛው ከቆላ ቀርከሃ ነው። ቀርከሃ ከተቆረጠ በኋላ ነቀዝ ይወደዋል። ምስጡን ደግሞ የምዕራብ ሰው አትንገሩኝ ይላል። መማሪያ መጽሐፉ የክፍሉን እርጥበት ሃምሳ በመቶ አካባቢ አድርጋችሁ ያዙ ይላል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ በሚወርድበት፣ መብራት በፈለገው ሰዓት በሚሄድበት ከተማ ይህን የሚሠራ መሣሪያ ማን ገዝቶ ማን ያንቀሳቅሰዋል? በሌላው ዓለም ሙዚየሞች በነፍሳት የተወረረ ዕቃን በፕላስቲክ አሽገው ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪና ከዚያ በላይ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለቀናት ያቆዩታል፤ መድኃኒት መርጨት በአብዛኛው ቀርቷል። አንድ ትልቅ የሥጋ ማቀዝቀዣ ይህን ይሠራል፤ መብራት እስካለ ድረስ። ከዚህ የሚቀድመው ግን ዕቃውን ከመሬት አንሥቶ ማስቀመጥ፣ በየሳምንቱ መመልከት፣ የገጠሩ ሰው ጎተራውንና ጣሪያውን በምድጃ ጭስ እንዴት እንደሚያቆይ መጠየቅና ያንን መጻፍ ነው። ይህ ራሱን የቻለ የማስተርስ ርዕስ ነው። እስካሁን ተማሪዎች ሲሻሙበት አላየሁም።

ደግሞም ቀርከሃ ዘላለም እንዲኖር ማን አዘዘ? ጃፓኖች የኢሴን መቅደስ በየሃያ ዓመቱ አፍርሰው እንዳዲስ ይሠሩታል፤ የመጨረሻው በ2013 እ.ኤ.አ. ነበር። እንጨቱ አዲስ ነው፣ አናጺው አዲስ ነው፣ ቅርሱ ግን ያው ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የሚጠበቀው አሠራሩ ነው። ቅርስ ማለት የመጀመሪያው ቁስ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ያላላው በ1994 እ.ኤ.አ. በናራ ከተማ የወጣው ሰነድም የተወለደው ከዚያው ሀገር ነው። ለአሶሳ የሚስማማው ይህ መንገድ ይመስለኛል። በነቀዝ የተበላ የጉሙዝ ጎተራ ፊት ቆሞ ከማልቀስ፣ ሠሪውን በክፍያ ጠርቶ ሌላ ማሠራትና ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መቅረጽ ይሻላል።

አሶሳ ላይ ስለ ሙዚየም ያሰበ ሰው አልነበረም እንዳይባል ሁለት ስፔናውያን አርኪዮሎጂስቶችን ልጥቀስ። ቪክቶር ፈርናንዴዝና አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩዊባል ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሠርተዋል። በአሶሳ ዙሪያ ቃዓባና ቤል ቁርቁሙ በተባሉ የዋሻ መጠለያዎች ቆፍረው የኋለኛው የድንጋይ ዘመን ሰዎች የተዉትን የድንጋይ መሣሪያና ሸክላ አግኝተዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሙዚየም አንድ ጽሑፍ አሳትመዋል። የጽሑፉ መነሻ፣ የዚህን ክልል ባህሎች ለየብቻቸው ከመደርደር ይልቅ እርስ በርስ በተገናኙበት መልክ ማሳየት ይሻላል የሚል ነው። ይህ ሐሳብ ለእኛ ሀገር ሙዚየሞች ዛሬም መድኃኒት ነው። የክልል ሙዚየም ሲባል የለመድነው አምስት ጥግ ነው፦ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦ፣ ኮሞ፤ በየጥጉ ልብስ የለበሰ አሻንጉሊት፣ አንድ ቅል፣ አንድ ቀስት። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. አሶሳ ላይ ሲከበርም የታየው ይኸው በየተራ ወደ መድረክ መውጣት ነበር። ለበዓል ያምራል። ለታሪክ ግን ይዋሻል። ወርቅና ጨው ሲለዋወጡ፣ ሲጋቡ፣ ሲዋጉ፣ ቃልና ዕቃ ሲዋዋሱ የኖሩ ሰዎች በጥግ በጥግ አልኖሩም። የስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናት ሙዚየም የኢትኖግራፊ ክፍሉን በብሔር መደርደሩን ትቶ ከልጅነት እስከ ሞት ባለው የሰው ልጅ ዕድሜ ስላደራጀው ነው ጎብኚ የሚወደው። በኔ ግምት በሀገሪቱ ከታዩት የሙዚየም ውሳኔዎች ሁሉ የላቀው እሱ ነው።

አምስት ጥግ ቢደረግስ ለማን ይበቃል? በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ ድርቅ ተነሥተው አሶሳ ዙሪያ በቁጥር በተሰየሙ «አምባ»ዎች የሰፈሩት ሰዎች አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደው እዚሁ ወልደዋል። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ሸርቆሌ መጠለያ የገቡት የሱዳን ስደተኞችም ድንበር ተሻግረው የመጡት ዘፈናቸውን ጭምር ይዘው ነው። የሰፋሪው እናት ከወሎ ይዛ የመጣችው እንስራ የማን ቅርስ ነው? መልስ የለኝም ብዬ አልሸሽም፦ የአሶሳ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። አዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለውን ሰፈር የምታውቁ ስሙ የተወረሰው ከሼህ ሆጀሌ አልሐሰን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ያለው መኖሪያቸው በከተማዋ ካሉት ታሪካዊ ቤቶች አንዱ ነው። ሼህ ሆጀሌ የአሶሳ ገዢ ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ቤላ ሻንጉልን (የዛሬውን ቤኒሻንጉል) ለምኒልክ ካስገበረ በኋላ አካባቢው ለቤተ መንግሥቱ በወርቅ ገበረ። በሰውም ገበረ። የባሪያ ንግዱን አብዱሰመድ አሕመድ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ1897 እስከ 1938 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን ይዘው ጽፈውታል። ከዚያ በፊት የነበረውን የወርቅና የጨው ፖለቲካ አሌሳንድሮ ትሪውልዚ በ1981 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥተውታል። ኢትዮጵያ በ1923 እ.ኤ.አ. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፣ በ1942 እ.ኤ.አ. በአዋጅ ሻረችው። ታዲያ የሼሁን ቤት ለጎብኚ ስንከፍት በሩ ላይ ምን ይጻፋል? «ታላቅ የአስተዳደር ሰው» ብሎ ማቆም ይቀላል። የሼሁ ዘሮችና የተሸጡት ሰዎች ዘሮች ዛሬ በአንድ ገበያ ይገናኛሉና ጽሑፉን ሁለቱም ያነቡታል። የሙዚየም ትምህርት እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው። የመብራት አቀማመጥና የመስታወት ሳጥን መለኪያ ማንም ይማረዋል፤ ይህችን የአሥር መስመር ጽሑፍ ሁለቱን ወገን አስቀምጦ ማርቀቅ ግን ዲግሪ የሚያሰጥ ሥራ ነው።

ከሀገር ወጥቶ የሚማር ካለም ሥራ አለው። ሆላንዳዊው ሁዋን ማሪያ ስኹቨር በ1881 እና በ1882 እ.ኤ.አ. ቤላ ሻንጉልንና ፋዳሲን አቋርጦ የሰበሰባቸው ዕቃዎች ላይደን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። የጉዞ ጽሑፉም በ1996 እ.ኤ.አ. ዌንዲ ጄምስና ባልደረቦቿ አዘጋጅተውት ታትሟል። ከመቅደላ ስለተዘረፈው ቅርስ ስንጮህ ስለዚህ የሚያነሣ የለም። ዕቃዎቹ ይመለሱ ከማለታችን በፊት ቢያንስ የአሶሳ ሰው ፎቶአቸውን አይቶ «ይህ ለእንዲህ ነው የሚያገለግለው» ቢል የሆላንዶቹም መዝገብ ይታረማል፣ የእኛም ይጀመራል።

ጉባ ላይ ስለተፈጠረው ሐይቅም አንድ ነገር ልበል። የህዳሴው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ሲሞላም 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ይሸፍናል። በግብፅና በሱዳን ኑቢያ የአስዋን ግድብ ሊሞላ ሲል ዩኔስኮ በ1960 እ.ኤ.አ. ዓለምን ጠርቶ የአቡ ሲምበልን ቤተ መቅደስ ከቦታው አስነሥቷል። ጉባ ውስጥ አቡ ሲምበል አልነበረም። የነበሩት የጉሙዝ መንደሮች፣ የመቃብር ቦታዎች፣ የዓሣና የማር ቦታዎች፣ ስም ያላቸው ዛፎችና የወንዝ መሻገሪያዎች ናቸው። ግድቡን እደግፋለሁ፤ የደሞዜም ቦንድ አለበት። ሰዎቹ ግን ከመንደራቸው ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል፣ ቦታዎቹን በስም የሚቆጥሩ ሽማግሌዎችም አሁን አሉ። አንድ ሰው ካርታ ዘርግቶ አብሯቸው ቢቀመጥ በውኃው ሥር ያለው ሀገር በወረቀት ላይ ይተርፋል። ሽማግሌዎቹ ካለፉ በኋላ ይህን ጥናት ምንም ገንዘብ አይሠራውም።

እና ልመናዬ ይህ ነው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ዛሬ በኢንተርኔት ይገኛል፤ እውነት ነው። ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ቀረጻውና ፎቶውም ከእናንተ ኮምፒውተር አልወጣም። ዙምባራ የነፉላችሁ አባት እንግሊዝኛ አያነቡም። ስለዚህ ከመስክ ስትመለሱ የቀረጻውን ሙሉ ቅጂ፣ ማን መቼ የት እንደተናገረ ከሚያሳይ ዝርዝር ጋር፣ ለክልሉ ባህል ቢሮና ለአሶሳ ዩኒቨርሲቲ አስረክቡ። ባለቤቶቹ «ይህ አይታይ» ያሉትን ለይታችሁ ምልክት አድርጉበት። አምስት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ጻፉ፤ ከቻላችሁ በበርታ፣ በጉሙዝ ወይም በሽናሻ ቋንቋ አስተርጉሙና ላነጋገራችሁት ቤተሰብ ስጡ። አማካሪ የሆናችሁ መምህራን ደግሞ ተማሪው ይህን ያስረከበበትን ደረሰኝ ሳያሳይ ለመከላከያ አታቅርቡት። የድሮ ቀረጻ ያላችሁ፣ ካሴትም ሆነ ፍላሽ፣ እባካችሁ ዘንድሮ አምጡት።