ሥዕሉን ማን ይሸከመው?

ኮርኒስ ስንል ቀና ብለን ጣሪያውን እናያለን። ጣሊያኖቹ ግን በዚያው ቃል የሥዕልን ክፈፍም ይጠሩበታል። ቃሉ ወደ እኛ ሲሻገር ጣሪያው ላይ ቀረና ለሥዕሉ «ፍሬም» የሚል ሌላ ስም ተገኘ። «ክፈፍ» የተባለው የራሳችን ቃል ከመጽሐፍ ወጥቶ ገበያ ሲወርድ ብዙም አይታይም። ስሙን ለዘነጋነው ዕቃ እጃችንም ቢዘነጋው ምን ይገርማል?

እኛ ዲላ ላይ ሥዕል የምንወድ፣ ጥቂቶቻችንም የምንሞክር ተማሪዎች፣ ከዚህ ዕቃ ጋር የተዋወቅነው ቸግሮን ነው። ለኤግዚቢሽን ስንሰናዳ ከሱቅ ያገኘነው ወርቅ ቀለም የተቀባ፣ አበባ የተደራረበበት ፕላስቲክ ነው። የእንሰት ጓሮ የተሣለበትን ሸራ እዚያ ውስጥ ብናስገባው ወርቁ ሙሽራ፣ እንሰቱ ሚዜ ሆኖ ቁጭ አለ። ኧረ ይሄስ አይሆንም ተባባልንና አናጢ ቤት ገባን።

መቼም ተማሪ ሲባል ክርክር አያጣውም። አንዱ ጓደኛችን፣ «ክፈፍ የባለጸጋ ሳሎን ጌጥ ነው፤ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ ያሉት ትክል ድንጋዮች ማን ክፈፍ አበጀላቸው?» ሲል ሞገተን። ነገሩ እውነት አለው። ድንጋዩ ግን የቆመበት ምድር አለው፤ ሸራ የለውም። ሸራ ይጣመማል፣ ጠርዙ ይቦጨቃል፣ ከግድግዳው ቀለም ጋርም ይምታታል። የሚሸከመው ይፈልጋል።

አባቶችም ይህን አልሳቱትም። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እነ ፍሬ ጽዮን በእንጨት ገበታ ላይ ይሥሉ ነበር። ከጥንት የገበታ ሥዕሎቻችን ብዙዎቹ መሐላቸው ጎድጎድ ተደርጎ ተጠርቦ ዳር ዳሩ ከፍ ብሎ የቀረ ነው። ሥዕሉና ክፈፉ የአንድ እንጨት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ተሟጋቻችን እዚህ ላይ ዝም አለ፤ የተሸነፈ ግን አይምሰላችሁ፤ መላጊያ አንሥቶ ነው ዝም ያለው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ጋሼ የምንላቸው አናጢ ከመጋዙ አስቀድመው የጠየቁን እንጨቱ መድረቁን ነው። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይሸሻል፤ በቁመቱ ግን እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ የተጋጠመ ማዕዘን፣ እንጨቱ እርጥብ ከነበረ፣ ውሎ አድሮ በውስጥ በኩል አፉን ይከፍታል። እንደ ጌዴኦ ዝናብ በበዛበት አገር ተሠርቶ ደረቅ አየር ወዳለበት ከተማ ለሚሄድ ሥዕል ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ቀጥሎ ሒሳብ ይመጣል። ሥዕላችን 60 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የጣውላው ወርድ 5 ሴንቲ ሜትር። ከጣውላው ጀርባ ሥዕሉ የሚያርፍበት እርከን ይወጣል፤ የፊቱ ከንፈርም ሥዕሉን በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። የውጭው ልክ 69 በ49 ይሆናል፤ አራቱ ጎን ሲደመር 236። የመጋዝ ብክነት ተጨምሮበት ሁለት ሜትር ተኩል ጣውላ ይበቃል። ከልኩ ይልቅ ግን ትይዩ ጎኖች እኩል መሆናቸው ይበልጣል። ኮላው ሳይደርቅ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ በሲባጎ ይለካል፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ክፈፉ ተንጋዷል፤ ገፋ አድርጎ ማቅናት ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የዓይን ሥራ ነው። ትንሿ ሥዕል ሰፋ ያለ ክፈፍ ትወዳለች፤ ማረፊያ ታገኝበታለች። በቀለም የተጨናነቀው ሸራ ግን ቀጭንና ጭምት ያለ ይበቃዋል። ወደ ውስጥ ያዘነበለ ጠርዝ ዓይንን ወደ ሥዕሉ ይመራል። የዋንዛው ቡናማ ለእንሰቱ አረንጓዴ እንደ አፈሩ ሆነለት፤ እኛም ቬርኒሽ ሳንጭንበት በብርጭቆ ወረቀት አልስልሰን ተውነው።

«ታዲያ ዋንዛን እያወደሳችሁ ልታስጨርሱት ነው?» የምትሉን አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እዚህ ዋንዛና ብርብራ የቡናና የእንሰት ጥላ ናቸው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ከነዛፉ፣ ከነእንሰቱ፣ ከነትክል ድንጋዩ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከክፈፋችን ረጅሙ ጎን 69 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህን የምታህል ቁራጭ ከአልጋና ከቁም ሳጥን ሥራ ተርፋ ምድጃ የምትገባ ናት። ክፈፍ ዛፍ አያስቆርጥም፤ ከእሳት የሚያድነው እንጨት አለ እንጂ።

አሁን ሥዕሎቹ ተሰቅለዋል። የመጣው ሰው ስለ እንሰቱ ያወራል፤ ስለ ክፈፉ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እኛ ግን በዚህ ደስ ብሎናል፤ የተሸካሚው ሙያ ይኸው ነውና። እናንተም ሥዕል ያላችሁ፣ ወርቅ ቅብ ከመሸመታችሁ በፊት አናጢ ቤት ጎራ በሉና ከወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ልቀሙ።