ሥራ ማጣትም ሲደበቅ ይብሳል

እኛ ወላጆች የምንጨነቀው ዲግሪውን ይዞ ቤት ለተቀመጠው ወጣት ነው። ትልቅ ቦታ የደረሰ ልጅ ግን ቢሮ፣ መኪናና ሾፌር ስላለው የሚወድቅ አይመስለንም። እሱም ሲወድቅ መነሳቱ እንደ ወጣቱ ቀላል አይደለም።

የመጀመሪያ ልጄ የ45 ዓመት ሴት ናት፤ በአንድ አስመጪ ድርጅት ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነበረች። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ የድርጅቱ ሥራ ቀዘቀዘ፤ የእሷም ቦታ ታጠፈ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የሥራ መሪ» የሚላቸውን እንደማይሸፍን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ዘበኛውና ጸሐፊዋ በአዋጁ መሠረት የሥራ ስንብት ክፍያ ሲጠይቁ፣ እሷ የፈረመችውን ውል ማገላበጥ ያዘች። ውሉ ስለ ስንብት ክፍያ አንድ መስመር እንኳ የለውም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ለባብሳ ከቤት ትወጣ ነበር፤ ጎረቤትና ልጆቿ እንዳያውቁ። ውላ የምትመጣው ከካፌ ነው። እኔ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ሳሎን ስትንጎራደድ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። የደም ግፊቷን ስለካው 150 በ95 ሆኖ አገኘሁት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ለሰው ንገሪ» አልኳት። «እማዬ፣ ምክትል ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ሥራ ይለምናል?» አለችኝ።

ጉዳዩ የልመና አልነበረም። የከፍተኛ ኃላፊነት ቦታ ብዙ ጊዜ በጋዜጣ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት በሰው ይታወቃል። እሷ ግን ባየችው ማስታወቂያ ሁሉ ማመልከቻ ስትልክ ከርማለች። አንድ ቅዳሜ ደብተር ይዘን ተቀመጥንና የምታውቃቸውን ሰዎች ጻፍን፤ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿን፣ የባንክ ብድር ኃላፊዎችን፣ ኦዲተሮችን፣ ደንበኞችን። 38 ሰው ሆኑ። ሥራ ፈልግልኝ የተባለ ሰው በእጁ ከሌለው ተሳቅቆ ይርቃል፤ ምክር የተጠየቀ ሰው ግን ይቀመጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው «ቦታዬን ለቅቄያለሁ፤ የእኔ ልምድ የት ይጠቅማል ትላለህ? ከማንስ ጋር ልነጋገር?» ትል ጀመር። በሳምንት ሦስት ሰው ታገኛለች፤ የመከራት ምን ውጤት እንዳመጣም ደውላ ታመሰግናለች።

ቀጥሎ ሲቪዋን አየነው። ዘጠኝ ገጽ ነው፤ «ኃላፊነቶቼ» የሚል ዝርዝር የሞላበት። እኛ ነርሶች ተረኛ ስንረካከብ የበሽተኛውን ታሪክ ሁሉ አንተርክም፤ ምን ሆኖ መጣ፣ ምን ተደረገለት፣ አሁን እንዴት ነው ብለን እንጨርሳለን። እሷም እንዲሁ አደረገች፤ ምን ችግር አገኘሁ፣ ምን አደረግሁ፣ ምን ተለወጠ። ሁለት ገጽ በቃው።

ለቃለ መጠይቁ ማታ ማታ እኔ ጠያቂ እየሆንኩ ተለማመድን። ባለ ድርጅቶች የሚፈሩት ሦስት ነገር ነው፤ ደመወዟን እንችለዋለን ወይ? የተሻለ ስታገኝ ጥላን ትሄዳለች ወይ? እጇን ሰብስባ ልታዝ ነው ወይስ ልትሠራ? ለሦስቱም ሳትጠየቅ መልስ አዘጋጀች። የቀድሞ አሠሪዋን ማማት ግን ክልክል ነው አልኳት፤ ዛሬ እነሱን ያማ ነገ እኛን ያማል ይላሉና።

በመካከሉ መኪናዋን ሸጠች፤ ለሁለት ትንንሽ ድርጅቶችም በአጭር ውል የማማከር ሥራ ሠራች። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያውን የማይሆን ጥያቄ በችግር ብዛት እሺ አላለችም።

በስምንተኛው ወር ሥራ ተገኘ፤ ያገናኛትም ከ38ቱ አንዱ የሆነ ኦዲተር ነው። አነስተኛ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ነው፤ ደመወዙ ከድሮው በሲሶ ያንሳል፣ የልጅ ልጆቼም ትምህርት ቤት ቀይረዋል። ውሉን ግን ከመፈረሟ በፊት ለጠበቃ አሳየች፤ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያና የስንብት ክፍያ በጽሑፍ ገብቶበታል።

እንዲህ ያለ ልጅ በቤታችሁ ካለ፣ ማታ ሲገባ «ሥራ ተገኘ?» አትበሉት፤ በየቀኑ «አልተገኘም» ማለት ያደክማል። «ዛሬ ማንን አገኘህ?» በሉት። እንቅልፉንና ምግቡን ተከታተሉ፤ ግፊቱንም አስለኩ። ዛሬ የተሾመ ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ እልል ካላችሁ በኋላ «ውሉ ስለ ስንብት ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት።