ስድስት ሺውን ፈረስ ማን አጠጣው?

አንባቢ ሆይ! ከሁሉ በፊት ጥፋታችንን እንናዘዝ። ገጽ ዘለናል። ያውም አንድና ሁለት ገጽ አይደለም፤ ምዕራፍ በምዕራፉ ነው የዘለልነው።

እኛ ማለት የአንድ ዶርም ሦስት ልጆች ነን፤ አንዱ የነገሌ ቦረና፣ አንዱ የያቤሎ፣ አንዱ የሜጋ። ባለፈው ክረምት ሦስታችንም ነገሌ ተገናኝተን ሰነበትን። ክረምት ስንል ለደጋው ሰው ነው እንጂ በእኛ አገር በሐምሌ ሰማዩ ደመናውን ያሳያል፣ ዝናቡን ግን አይሰጥም። ሥራ አልነበረንም፤ መብራትም ይሄዳል ይመጣል። የነበረን ነገር ልባሱ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፦ የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ»። በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ የወጣ ትልቅ የምናብ ልብ ወለድ ነው። ሦስቱንም እየተቀባበልን ጨረስነው።

እውነቱን ለመናገር ጦርነቱ አሰከረን። ሄልምስ ዲፕ በሚባለው ምሽግ ሌሊቱን ሲዋጉ እኛም አብረን ሳንተኛ አደርን። የሮሃን ፈረሰኞች ለተከበበችው ከተማ ሊደርሱ ሲጋልቡ አንዳችን ከአልጋው ተነሥቶ «በለው!» ብሎ ጮኸና ጎረቤት ቀሰቀሰ። ፍሮዶና ሳም የተባሉት ሁለት ትንንሽ ሰዎች ቀለበቱን ይዘው በደረቁ የጠላት አገር ሲጓዙ ግን ሰለቸን። ይሄዳሉ፣ ይጠማሉ፣ ያርፋሉ፣ ደሞ ይሄዳሉ። «ይሄንንማ እኛም ቤት እናውቀዋለን» አልንና ገልብጠን ወደ ሰይፉ ሄድን።

አንድ ምሽት ታሪኩን ለነገሌው ልጅ አያት አወራንላቸው። ሁላችንም «አኮ» እንላቸዋለን። ልጅነታቸውን ያሳለፉት በዱብሉቅ ኤላ አካባቢ ነው። ቡና ቀላው በቅቤ እየተንጣጣ፣ እኛ ወሬውን እየተሻማን፣ ስድስት ሺውን ጦረኛ ከነፈረሱ የቀናት መንገድ አስጋለብነው። አኮ እስከ መጨረሻው ሰሙን።

«እናንተ ልጆች፣» አሉ ከዚያ፣ «ስድስት ሺውን ፈረስ ማን አጠጣው?»

ተያየን።

«መቼም መንገድ ላይ ወንዝ አይጠፋም፣ አኮ» አለ የያቤሎው።

«ወንዝ ቢኖርስ? ተራ የሚያስይዝ የለም? ስድስት ሺህ ፈረስ እኩል ውኃ ላይ ከገባ ጠላት መጠበቅ ምን ያስፈልጋል?»

ሳቅን። ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም። ቦረና ውስጥ ቱላ የሚባሉትን ጥልቅ ጉድጓዶች ያየ ሰው ጥያቄው ይገባዋል። ሰዎች ከጉድጓዱ ሥር ጀምሮ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል። የየዕለቱን ተራ አባ ሄሬጋ ያስጠብቃል። ያ ተራ ከተፋለሰ ከብት ያልቃል፤ ሰው ይጣላል።

ደሞስ የነገሌ ልጅ ይህን ለመማር እስከ ቱላ መሄድ አለበት እንዴ? ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ የሰፈረው የአራተኛው ብርጌድ ወታደር ያመፀው በምን ነበር? በምግቡ መጥፎነትና በውኃ ነው። የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦር አዛዡን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ፤ ወታደሮቹም ይዘው ያንኑ ምግብና ያንኑ ውኃ አቀመሷቸው፤ ታመሙ። አመፁ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። እርግጥ ዘውዱን የጣለው የነገሌ ፓምፕ ብቻ አይደለም፤ የወሎ ረኃብ ነበር፣ የመሬት ጥያቄ ነበር፣ የተማሪው ጩኸት ነበር። ከጦሩ በኩል ግን መጀመሪያ የተሰማው የተጠማ ሰው ድምፅ ነው።

ይህን እያወቅን ነው እንግዲህ የጥሙን ገጾች የዘለልነው!

በማግሥቱ ተመልሰን አነበብናቸው። ሳም ለፍሮዶ ውኃ እንዲተርፍ ብሎ የራሱን ጉሮሮ ያደርቃል። ሸክም ለማቅለል ያላቸውን ሲጥሉ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሞ ያመጣቸውን የማብሰያ ዕቃዎቹን ገደል ሲሰድ ልቡ ይሰበራል። ፈረስ የለም፣ ፉከራ የለም። እኛ ግን ከሄልምስ ዲፕ ይልቅ እዚህ ላይ ነው ዝም ያልነው። ቶልኪን እኮ ውኃውን አልረሳም ነበር፤ የረሳነው እኛ ነን።

አንድ ቅሬታ ግን ቀርቶናል። ለፈረሰኞቹ ንጉሥ ግጥም ተገጥሞለታል፤ ፈረሶቹን ላጠጣው ሰው አንድ ስንኝ እንኳ አላገኘንም። የእኛስ ወሬ ከዚህ ይሻላል? በጥር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶሪያ ስለተመታው የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ስናወራ አይሮፕላኑንና የመርዙን ጋዝ እንጠራለን፤ ሠራዊቱን አስቀድመው ያደከሙትን ረኃብና በሽታ ግን እንዘላለን። በዚህች መጽሔት ላይ ስለ ጀግና የምትጽፉ ጓዶች፣ ጀግናችሁን ከማዝመታችሁ በፊት እስቲ ምን እንደሚጠጣ አስቡለት።

መጽሐፉ አሁን ከእኛ ዶርም አለ። የሚፈልግ ይምጣ፤ በተራ ነው። ተራውን የሜጋው ልጅ ያስጠብቃል። ገጽ መዝለል ግን ክልክል ነው፤ አኮ ይጠይቃሉ።