የአባዬ ላዳ ዲናሞ ቶዮታ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ እንደ «ኦሪጂናል» ዋጋ የሚያስጨምር ቃል የለም። ለሞባይሉም፣ ለጫማውም፣ ለመኪና ዕቃውም ሻጭ የሚምለው በእሱ ነው። ጋዜጠኝነት ተምሬ የወጣሁ ነኝና እኔም «ምንጩ ከየት ነው?» ማለት ይቀናኛል። የአባዬ ላዳ ዲናሞ (መጽሐፉ «አልተርኔተር» ይለዋል) ከስንት ዓመት አገልግሎት በኋላ ሲቃጠል ግን ጥያቄው ቤታችን ድረስ መጣ።

አባዬ በላዳው ሰው የሚያመላልሰው ማታ ማታ ነው። ዲናሞ ከሌለ ባትሪ አይሞላም፤ ባትሪ ካልሞላ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ እንጀራ የለም። መካኒኩ (ጋሼ ነው የምላቸው) «ያገለገለ የቶዮታ ዲናሞ እንግጠምለት» አሉ። አባዬ «የላዳ ለላዳ ነው!» ብሎ እምቢ አለ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ላዳ ራሱ ኦሪጂናል ነው እንዴ? የመጀመሪያው፣ ቫዝ-2101፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ቶሊያቲ ከተማ ሲወጣ የጣሊያኑ ፊያት 124 ልጅ ነበር። ሶቪየቶች ሞተሩን ቀየሩ፣ ላሜራውን አወፈሩ፣ የኋላ ፍሬኑን ከዲስክ ወደ ታምቡር መለሱ። ከተማው እንኳ የተሰየመው በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ነው። የኛም ጋራዥ ያው ነው፤ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ የሚሉትን የጣሊያን ቃላት ብትወስዱባቸው መካኒኮቻችን ዲዳ ይሆናሉ።

አባዬ ይሄን ስነግረው ሳቀ። እሺ ያሰኘው ግን የእኔ ታሪክ ሳይሆን የጋሼ ጥንቃቄ ነው። የድሮው ዲናሞ 42 አምፔር ነበር፤ የቶዮታው ይበልጣል። ስለዚህ ዋናውን ገመድ በወፍራም ቀየሩት፤ አለዚያ ይግላል። የቶዮታው ሬጉሌተር እዚያው ሆዱ ውስጥ ስላለ፣ ለብቻው ተሰቅሎ የነበረውን የላዳውን ከመስመር አወጡት። ቁልፍ ሲከፈት ዲናሞውን የሚቀሰቅሰውን ሽቦና የቻርጅ መብራቷን ሽቦ ለየብቻ ዘረጉ። ያቺ ትንሽ መብራት ጌጥ አይደለችም፤ ዲናሞው ሲሰንፍ ለሹፌሩ የምትናገረው እሷ ናት። ከዚያ አዲስ ስታፋ አሠርተው፣ ሮንዴላ እየጨመሩ እየቀነሱ፣ ፑሌጃዎቹን በአንድ መስመር አቆሙ። ጥቂት ሚሊሜትር ካፈነገጠ ቺንጋው ይጮሃል፣ ቶሎም ይበላል። መጨረሻ ላይ ሞተሩን አስነስተው ባትሪውን ለኩ፤ 14 ቮልት!

እና ወዳጆቼ፣ «ኦሪጂናል ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ገጠመው? እንዴትስ ገጠመው?» በሉ። አባዬ እስካሁን ዲናሞውን «እንግዳው» ይለዋል። ማታ የሚሠራው ግን በእንግዳው መብራት ነው።