ከአቧራው ማዶ

ከናይሮቢ ወደ ሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ ናይቫሻ ይደርሳሉ። ሐይቁ የሚገኘው የእኛዎቹ ዝዋይና ላንጋኖ በተኙበት በስምጥ ሸለቆ ስለሆነ፣ ግራሩም አቧራውም እንግዳ አይሆንብዎትም።

በ1953 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሳፋሪ የመኪና እሽቅድምድም፣ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ርቆ ቆይቶ በ2021 ሲመለስ ዋና መናኸሪያው ናይቫሻ ሆነች።

እዚያ ጉብታ ላይ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የተቀመጡ እናት አገኘሁ። በ1974 በፋሲካ ሰሞን፣ ገና ሕፃን ሳሉ፣ አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ጆጊንደር ሲንግን አይተዋል። በዚያ ዝናባም ዓመት «የመንገድ አንበሳ» የተባለው ይኸው ሰው በሚትሱቢሺ ላንሰር አሸንፏል።

«አባቴ የቆመው መንገዱ ዳር ነበር። ጭቃው ፊቴን ሲመታኝ ሳቅሁ። እናት ከሆንሁ ወዲህ ግን ያን ትከሻ ሳስበው ይዘገንነኛል» አሉኝ።

ልጁ ወደ መታጠፊያው ልውረድ ብሎ አለቀሰ። እሳቸው እጁን አልለቀቁም። መኪናይቱ አቧራውን አስነሥታ አለፈች። አቧራው ሲበተን የጎማው ዱካ ከመንገዱ ወጥቶ ሣሩን ገምሶት አየን። ልጁ ዝም አለ፤ ወደ አያቱም ተጠጋ።

እናቶች ሆይ! ልጅዎን ወደ እንዲህ ያለ ትርዒት ሲወስዱ ከመታጠፊያው ውጭኛ ጎን አይቁሙ፤ ራቅና ከፍ ያለ ቦታ ይምረጡ። ደስታውን አይንፈጉት፤ ትዝታ ከሩቅም ይያዛል።